አራት ጣት አዎ፣ አውራ ጣት የለም

ኦርቪል ስኪነር ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያስነሣና ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው ነው። የማርሎ ካውንቲ ፍርድ ቤት ችሎት አስከባሪ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዳኛዋ በጓዳ በር ብቅ ስትል «ተነሡ!» ይላል፤ ሕዝቡ ብድግ። ወንበሯ ላይ ስትደላደል «ተቀመጡ!» ይላል፤ ሕዝቡ ቁጭ። ሚስቱ ናዲን «እኔ ቤት ድመቷ እንኳ በሱ ቃል ተነሥታ አታውቅም» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ፍርድ ቤት ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ከእግዜርና ከዳኛ ፕሪስኮት ቀጥሎ ሦስተኛው እሱ ነበር፣ በራሱ ግምት።

ሆዱ ቀድሞት በር የሚገባ፣ ቀበቶው ላይ አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ የሚያንሿሿ፣ የናስ ባጁን በጥርስ ሳሙና ወልውሎ ደረቱ ላይ የሚለጥፍ ሰው ነበር። ያቺን ባጅ ከሚያወልቅ ሱሪውን ቢያወልቅ ይቀለዋል። ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር ሲቀረው «ስወጣ ባጇን ይሰጡኛል፣ ሳሎን እሰቅላታለሁ» ብሎ የመስታወት ሳጥኗን በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ ግድግዳው ላይ ምስማሩን መትቶ ጨርሷል።

እኛ ሚዙሪዎች በሕገ መንግሥታችን የምንኮራ ሰዎች ነን። አላነበብነውም እንጂ እንኮራበታለን። ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ በመስታወት ተሸፍኖ ተሰቅሏል፤ ኦርቪል በየዓርቡ አቧራውን ይጠርግለታል። እዚያ ላይ፣ በወንጀል የተከሰሰ ሰው በጁሪ ፊት፣ ማለትም እንደሱው ባሉ የአገር ሰዎች ፊት የመዳኘት መብት አለው ይላል። አለው፣ ማን ካደ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በማርሎ ካውንቲ አሥራ ሁለት ሰው ለዳኝነት የተቀመጠበት የመጨረሻ ቀን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። የጁሪው ክፍል ቁልፍ ኦርቪል ቀበቶ ላይ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ደግሞ የካውንቲው የገና ጌጥ ነው። የፕላስቲክ ዛፍ፣ ስድስት አጋዘን፣ ከሰብአ ሰገልም አንገቱ የተቀነጠሰ አንዱ።

ታዲያ ፍርዱ እንዴት ይሄዳል? በአዎ ነዋ! ሰኞ ሰኞ ኮሪደሩ ላይ አርባ ሰው ተኮልኩሎ ይጠብቃል። መንግሥት የሚያቆምላቸው ጠበቃ ለአርባው አንድ ነው፤ ዴኒስ ሌሂ ይባላል። መዝገብ በሁለት እጁ ታቅፎ የሚሮጥ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ ከኋላ የወጣ፣ ክፋት የሌለው፣ ጊዜም የሌለው ሰው። ለአንድ ሰው ስድስት ደቂቃ ይሰጣል። «ጥፋተኛ ነኝ ካልክ ዓቃቤ ሕጉ ክሱን ዝቅ ያደርግልሃል፣ ቤትህ ትገባለህ። እከራከራለሁ ካልክ አንድ ዓመት ሊፈረድብህ ይችላል» ይልና ወደ ቀጣዩ ይሮጣል። የቀረውን የሚያስተምረው ኦርቪል ነው። ማን ሾመው? ማንም። ራሱን ሾመ።

ትምህርቱ በእጅ ነው። ቀኝ እጁን ይዘረጋና ጣቶቹን አንድ ባንድ እያጠፈ ይቆጥራል።

«ስማኝ ወንድሜ፣ ዳኛዋ አምስት ጥያቄ ትጠይቅሃለች። በጁሪ የመዳኘት መብት እንዳለህ ገብቶሃል? አዎ። የመሰከሩብህን ሰዎች መልሰህ የመጠየቅ መብት እንዳለህ ገብቶሃል? አዎ። ዝም የማለት መብት እንዳለህ ገብቶሃል? አዎ። እነዚህን ሁሉ በፈቃድህ ትተሃል? አዎ። አራቱ ጣት አለቀ።» ከዚያ አውራ ጣቱን ያቆማል። «አምስተኛዋ፣ ያስፈራራህ ወይም ቃል የገባልህ ሰው አለ ወይ ናት። እዚች ላይ አዎ እንዳትል፣ በእናትህ! የለም ነው የምትለው። አራት ጣት አዎ፣ አውራ ጣት የለም። ምሳህን ቤትህ ትበላለህ።»

«ባይገባኝስ?» የሚል አንዳንድ ሞኝ አይጠፋም።

«ካልገባህ ምሳህን እዚህ ትበላለህ» ይለዋል፤ ኮሪደሩ በሳቅ ይፈርሳል።

እንዲህ ሆኖ አንድ ሰው በአራት ደቂቃ ያልቃል። ዳኛ ፕሪስኮት አንድ ቀን ካባዋን እያወለቀች «ኦርቪል፣ አንተ ባትኖር እኮ እራታችንን እዚሁ ነበር የምንበላው» ብላው ነበር። ይቺን ቃል ሦስት ዓመት ሙሉ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ሲያወራት ኖረ፤ እኛም በየወሩ እንደ አዲስ ሰማንለት።

ከነዚያ ሁሉ ሰዎች መሃል ሎሬታ ግሪምስ የምትባል ሴት ነበረች። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ሃያ ዓመት የሰው ልጅ ስታመላልስ አንድ ቀን ድመት ገጭታ አታውቅም። የዛሬ አራት ዓመት አንድ ሰውዬ «ቢጫ አውቶቡስ የቆመ መኪናዬን ገጭቶ ሄደ» ብሎ ከሰሰ። ቢጫ አውቶቡስ በካውንቲው አሥራ አንድ አለ። በዚያ መንገድ ታልፊያለሽ ተብሎ ጣት የተቀሰረው ሎሬታ ላይ ነው።

«እኔ አይደለሁም» አለችው ኦርቪልን። «ጠበቃው ሳይሰማኝ ሄደ። እባክህ አንተ ንገርልኝ፣ ወጥተው አውቶቡሴን ይዩት፣ አንዲት ጭረት የለበትም።»

«እቱ፣ ማን ወጥቶ አውቶቡስ ያያል?» አላት። «አራት ጣት አዎ፣ አውራ ጣት የለም። ነገ ጠዋት አውቶቡስሽን ትነጃለሽ።»

እንዳላት አለች። በነጋታው ግን ትምህርት ቤቱ «ጥፋተኛ ነኝ ያለ ሹፌር ልጆች አያመላልስልንም» ብሎ ቁልፏን ተቀበላት። አሁን ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው የዶሮ ማረጃ ቀኑን ሙሉ ቆማ የዶሮ ሆድዕቃ ትጎለጉላለች። ኦርቪል ይህን አልሰማም። ቢሰማም «ሕጉን እኔ አወጣሁት?» ብሎ ያልፈው ነበር።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? የኦርቪል ድስት ማረር የጀመረው በሚያዝያ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የጎረቤት ሣር ማጨጃ መኪና ጠፍታ ኮልቢ ሃርት የሚባለው የሸሪፉ አዲስ ፖሊስ በየጓሮው ይዞራል። ኮልቢ ዩኒፎርሙን ከለበሰ ስምንት ወር አይሞላውም፤ የሱ ባጅ ደግሞ ከኦርቪልም በላይ ታበራለች። አንድ ሰው «ስኪነር ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሸራ የለበሰ ነገር አይቻለሁ» ብሎት መጣ።

«የጓሮ ቤትህን ልየው» አለ።

ኦርቪል በኮሪደሩ ላይ «ያልደበቅክ ከሆነ ክፈትላቸው» ሲል የኖረ ሰው ነው። ክፈት ሲባል ግን ላብ አጠመቀው። ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ሣር ማጨጃ የለም። ጀልባ ነው ያለው። የዛሬ ሁለት ዓመት ናዲን «ወይ እኔ፣ ወይ ይቺ ጀልባ» ስትለው «ሸጥኳት» ብሎ የማለላት ጀልባ። ናዲን ደግሞ ሃያ እርምጃ ራቅ ብላ ልብስ ታሰጣለች።

«የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዘሃል?» አለ ኦርቪል።

«ምን?»

«ያለ ማዘዣ የሰው ቤት አይፈተሽም። ሕገ መንግሥት ነው፣ አራተኛው ማሻሻያ።» በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሕገ መንግሥት ጠቀሰ፤ እሱንም ለጀልባ።

«ሰውዬ፣ አንተ ነህ ይሄን የምትለኝ? የችሎቱ ሰውዬ?» ኮልቢ ሳቀና ጫማውን በበሩ መሃል ሰነቀረ። ኦርቪል በሩን ገፋው። በሩ የኮልቢን ትከሻ አገኘው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ አጭር ነው፤ ኦርቪል በሆዱ ሣር ላይ ተዘረጋ፣ እጁ ከኋላ ታሰረ፣ ክሱም «ፖሊስ መምታት» ተባለ። ሣር ማጨጃዋ በማግሥቱ የባለቤቱ አማች ዘንድ ተገኘች። ተውሷት ሄዶ መናገር ረስቶ ነው አሉ። የኦርቪል ክስ ግን አልተረሳም።

እስከ ቀጠሮው ቤቱ ሆኖ እንዲጠብቅ ለቀቁት። ዳኛ ፕሪስኮት ግን «ነገሩ እስኪለይለት» ብላ ቁልፎቹን አስመልሳ፣ ባጁን ተቀብላ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። የካውንቲው ደንብ ግልጽ ነው። የተፈረደበት ሰው፣ በትንሽም ይሁን በትልቅ፣ የፍርድ ቤት ባጅ አይለብስም፤ ጡረታ ሲወጣም አይሰጠውም። ኦርቪል ሳሎን ቁጭ ብሎ ባዶዋን የመስታወት ሳጥን ሲያይ ዋለ። ናዲን ሾርባ አቅርባለት ቀዘቀዘ።

ሰኞ ደረሰ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ሲያስቀምጥበት የኖረው አግዳሚ እንዲህ እንደሚቆረቁር አላወቀም ነበር። ሌሂ መዝገቡን ታቅፎ እየሮጠ መጣ።

«ኦርቪል፣ ላንተ እንኳ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፣ እግዜር ይመስገን። ክሱን ወደ ሰላም ማደፍረስ ዝቅ አድርገውልሃል። እስር የለም። ባጇ ትቀራለች፣ እንግዲህ ምን ይደረግ። አይ ካልክ አንድ ዓመት ሊመጣ ይችላል።»

«ዴኒስ፣ እግሩን በሩ መሃል የከተተው እኮ እሱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ከኋላህ ሠላሳ ስድስት ሰው አለ።» ሌሂ ሰዓቱን አየ። ፊቱ ላይ ርኅራኄ ብጤ መጣና፣ ለማጽናናት ብሎ ቀኝ እጁን ዘረጋለት። «አራት ጣት አዎ፣ አውራ ጣት የለም። ምሳህን ቤትህ ትበላለህ።»

አግዳሚው ላይ የተኮለኮሉት ሳቁ። ኦርቪል ያቺን እጅ አያት። ደሙ ፈላ። በገዛ ቀልድ ሲቀለድበት ሰው ምን ያህል እንደሚቃጠል ያን ቀን ገባው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ፣ ግን ገባው።

በሕጉማ አብራው የምትሠራ ዳኛ እሱን መዳኘት አልነበረባትም። ሁለቱም ወገን ግን «አንቃወምም» ብለው ፈረሙ። አራት ደቂቃ ለምትፈጅ ነገር ማን ከጎረቤት ካውንቲ ዳኛ ያስመጣል? በሱ ምትክ የቆመው ችሎት አስከባሪ «ተነሡ» አለ፣ እንዲያውም ዘግይቶ አለ፤ ኦርቪል ግን ከሁሉም ቀድሞ ተነሥቶ ነበር።

ዳኛዋ መነጽሯን አስተካክላ ጀመረች። «ሚስተር ስኪነር» አለችው። ከሷ አፍ «እርስዎ» ሲባል የመጀመሪያው ነው። «በጁሪ የመዳኘት መብት እንዳለዎት ገብቶዎታል?»

«አዎ፣ ክብርት ዳኛ።»

ሁለተኛውንም አዎ አለ። ሦስተኛውንም። አራተኛው ላይ አፉ ከሱ ቀድሞ መለሰ፤ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከዚያ ቀና ሳትል አምስተኛዋን ጠየቀች፤ እስክሪብቶዋ «የለም» የሚለው ሳጥን ላይ ቀድሞ አርፏል።

«ይህን ቃል እንዲሰጡ ያስፈራራዎት ወይም ቃል የገባልዎት ሰው አለ?»

ይቺን ጥያቄ ኦርቪል በየሰኞው አርባ ጊዜ ሲሰማት ኖሯል። ጥያቄ መሆኗን ግን አንድም ቀን ልብ ብሎ አያውቅም።

«አለ» አለ።

የቃል መዝጋቢዋ ጣቶች ቆሙ። ዳኛዋ ቀና አለች።

«ምን አልክ?» እርስዎነቱ ባንድ ጊዜ በነነ።

«አለ፣ ክብርት ዳኛ። አዎ ካልክ ቤትህ ትገባለህ ተብያለሁ፤ ይሄ ቃል መግባት ነው። እምቢ ካልክ አንድ ዓመት ተብያለሁ፤ ይሄ ማስፈራራት ነው። ሁለቱም አሉ። ካላመኑኝ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ ይጠይቁት።»

«ኦርቪል» አለችው በጥርሷ መሃል፣ «ጥያቄው እንደዚያ እንዲመለስ አይደለም የተጻፈው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የሚጠየቀው?»

እኛ ከኋላ የተቀመጥነው መልሱን ለመስማት አንገታችንን አሰገግን። ሌሂ ራሱን በመዝገቡ ሸፈነ። ተገድጃለሁ ያለን ሰው ጥፋተኛ ነኝ ማለት መቀበል ሕጉ ይከለክላል፤ ይሄንንም ሕግ በዚያ ቤት ሥራ ላይ ሲውል ያየ ሰው አልነበረም። ዳኛዋ ገጽ ስታገላብጥ ቆይታ ጉዳዩ በጁሪ ይታይ አለች፤ ድምጿ ውስጥ የተበላሸ ምሳ ይሰማ ነበር።

አሁን ጉዱ መጣ። የጁሪውን ክፍል ማን ይክፈተው? አሥራ ዘጠኙ ቁልፍ ምልክት የለባቸውም፤ የትኛው የየት እንደሆነ የሚያውቀው ኦርቪል ብቻ ነው። ተተኪው አስከባሪ አንድ ሰዓት ታግሎ አንዱን ሰበረ። ሲጨንቃቸው ቤቱ ደወሉለት። መጣ፣ በአንድ ጊዜ ከፈተ፣ አጋዘኖቹን አንድ ባንድ በቀንዳቸው ይዞ አወጣ፣ አሥራ ሁለቱን ወንበር በእርጥብ ጨርቅ ወለወለ። የሚዳኙትን ሰዎች ወንበር የወለወለ ተከሳሽ ከሱ በፊት ይኖር እንደሆን አላውቅም።

ለሠላሳ ሰው መጥሪያ ተላከ። ከነሱ መሃል አሥራ ሁለቱ ሊመረጡ ዳኛዋ አንድ ባንድ መጠየቅ ጀመረች። ሰባተኛዋ ተራ ሲደርሳት ኦርቪል ፊቷን የሆነ ቦታ ያውቀዋል፤ የትነቱ ግን ጠፋው።

«ተከሳሹን ያውቁታል?» አለች ዳኛዋ።

«አዎ፣ ክብርት ዳኛ።»

«በምን?»

«የአውቶቡስ ሹፌር ሳለሁ ተከስሼ እዚሁ ኮሪደር ላይ መክሮኛል።»

ኦርቪል ባለበት ክው አለ። ያቺ ጭረት የለበትም ያለችው!

«ይህን ጉዳይ ያለ አድልዎ መዳኘት ይችላሉ?»

ሎሬታ ኦርቪልን አየችው። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ነበር፣ ጣቶቹ ላይ የቢላ ጠባሳ ያለበት እጅ። አንዷን ጣት አጠፈች። «አዎ፣ ክብርት ዳኛ።»

ሌሂ ጆሮው ላይ ተለጠፈ። «ይቺን ላስወጣት። ምክንያት ሳንሰጥ ማስወጣት እንችላለን።»

«ታስታውሳታለህ?»

«እንዴት ላስታውስ፣ በሳምንት አርባ ሰው!»

ኦርቪል አሰበ። አዎዋ እሱ እንዳስተማራት ነው፤ አጭር፣ ቀና ብላ፣ ጭማሪ የሌላት። እውነት ትሁን ትምህርት፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አዎ ሲሰማ የኖረ ሰው መለየት አቃተው። ባጇ ዓይኑ ላይ መጣች፣ አንድ ዓመት እስርም መጣ፤ ፈራ።

«ትቀመጥ» አለ።

«አብደሃል እንዴ?»

«አንድ ጊዜ አስወጥቻታለሁ። ይበቃል።»

ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። ሌሂ መጀመሪያ ላይ እንደ ተማሪ ሲንተባተብ ቆይቶ፣ ኮልቢን «እግርዎ የነበረው ከበሩ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ?» ብሎ ሲጠይቅ ወኔው መጣለት፤ ከሰዓት ሲመጣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከቶ መጣ። ኮልቢ መጀመሪያ ውጭ አለ፣ ቀጥሎ መሃል አለ፣ በመጨረሻ አላስታውስም አለ። ከዚያ ተራው የኦርቪል ሆነ። ዝም የማለት መብት ነበረው፣ ሦስተኛዋ ጣት። ዝም ካለ ግን በሩን ለምን እንደገፋ ማን ያውቃል?

«በሩን ለምን ገፉት?» አለ ዓቃቤ ሕጉ። «የሚደብቁት ነገር ስለነበር አይደለም?»

ኦርቪል ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ናዲንን አየ። «አዎ፣ ጀልባዋ እዚያ ስለነበረች ነው። ለሚስቴ ሸጥኳት ብያታለሁ።»

«ቀጥል፣ ቀጥል!» አለች ናዲን ከሦስተኛው ረድፍ። «ሁለት ዓመቴ ነው ሳውቅ! የክረምቱን ብርድ ልብስ የት የማስቀምጠው መስሎሃል? ጀልባህ ውስጥ ነዋ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዳኛዋ መዶሻዋን ብትመታ የሚሰማት ጠፋ፤ ተተኪው አስከባሪም አብሮ ይስቃል። ኦርቪል ምስክር መስጫው ላይ ተቀምጦ «ጸጥታ!» አለ። ሁሉም ጸጥ አለ፣ ዳኛዋም ጭምር።

አሥራ ሁለቱ ገብተው ሦስት ሰዓት ቆዩ። ኦርቪል ያን ሦስት ሰዓት ያቺ የምትቆረቁር አግዳሚ ላይ ጨረሰው። የናዲንን እጅ ይዞ «እሷ ናት፣ ገባኝ፣ እሷ ናት የያዘችኝ» ሲል ነበር። ሲወጡ ወረቀቱ ተነበበ። ጥፋተኛ አይደለም።

ኮሪደሩ ላይ ሰው እየተቃቀፈ ሳለ ሎሬታን ፈልጎ ደረሰባት።

«ሎሬታ፣ እግዜር ይስጥሽ። ስላመናችሁኝ።»

«አሥራ አንዱ ገና እንደገባን አምነውሃል» አለችው ኮቷን እየቆለፈች። «ሦስት ሰዓቱን ያስቆየሁህ እኔ ነኝ።»

«ተጠራጥረሽኝ ነበር?»

«ምን አጠራጠረኝ? ኮልቢ ሲዋሽ ዕውርም ያያል። አንተን አሥራ ሁለት ሰው ሁለት ቀን ሙሉ አፉን ዘግቶ አዳመጠህ። እኔን አራት ደቂቃ። እስቲ አግዳሚው ላይ ትንሽ ይቆይ ብዬ ነው።»

ሄደች። ኦርቪል ወደ ሌሂ ሮጠ፤ ያቺ ሴት አልገጨችም፣ ጉዳይዋ ይከፈት አለው። ሌሂ መዝገቡን አስወጥቶ አሳየው። አንዲት ገጽ ናት። አዎ፣ አዎ፣ አዎ፣ አዎ፣ የለም።

«ማን አስገድዷት? ይኸው የለም ብላለች» አለ ሌሂ።

«እኔ ነኝ በይ ያልኳት!»

«አንተማ መዝገቡ ላይ የለህም።»

የሚቀጥለው ሰኞ ኦርቪል ባጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሥራው ገባ። ጣሪያ የሚሠራ አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን እያሻሸ «ጌታዬ፣ ዳኛዋ ስትጠይቀኝ ምን ልበል?» አለው። ኦርቪል በልማድ እጁን ዘረጋ፤ አየውና ኪሱ ከተተው።

«ምን ሆነህ ነው የመጣኸው?» አለው። «እስቲ ንገረኝ።»

በወሩ መጨረሻ አሥራ አንድ ሰው አምስተኛዋ ላይ «አለ» አለ። ዳኛ ፕሪስኮት እራቷን በእውነት ፍርድ ቤት መብላት ጀመረች። የካውንቲው ሰዎች መከሩና ኦርቪል «ለደከመው ወገቡ ሲባል» የቀረውን ጊዜ መኪና ማቆሚያውን እንዲጠብቅ አዘዋወሩት። ጥበባቸውን ተመልከቱልኝ! ለክስ የሚመጣ ሰው ሁሉ መኪናውን የሚያቆመው እዚያ ነው።

ሎሬታም ወደ ዶሮ ማረጃው ስትሄድ በመኪናዋ በዚያ ታልፋለች። አንድ ጠዋት ኦርቪል እጁን ሲያነሣላት ቆማ መስታወቱን ዝቅ አደረገች።

«ባጅህን መለሱልህ?»

«መለሱልኝ።»

«የኔን የአውቶቡስ ቁልፍስ?» አለችና ነዳች።

ጡረታ በወጣ በሳምንቱ የመስታወት ሳጥኗን ምስማሩ ላይ ሰቀላት። ናዲን ቡናዋን ይዛ መጥታ አየችና «ይሄ ምን ወረቀት ነው? ባጇስ?» አለችው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የሎሬታ መዝገብ ቅጂ ነው፣ አራት አዎ አንድ የለም ያለባት ገጽ። ከታች በገዛ እጁ ስሙን ጽፎበታል። ባጇ መሳቢያ ውስጥ ናት፣ ከጀልባዋ ቁልፍ ጋር።